ደመ መራራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬ የመጀመሪያዋን ተሳታፊ አስቀመጥኩ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ማስቲካዋን እንድትተፋ ስጠይቃት እንደ ስድብ ቆጠረችው። ላቧን የሚለካውን ሽቦ ጣቶቿ ላይ አሰርኩላት፣ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቅኩላት፣ መብራቱን ቀንሼ ወጣሁ። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ የላቧ መስመር ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ። ይሠራል! ይህን ያህል ዓመት የለፋሁበት ነገር ይሠራል።

ቤት ስገባ እማዬ እንደ ልማዷ “ዶክተሯ መጣች” አለች። ገና ነኝ ብላት አትሰማም። ጥናቴ ስለ ምን እንደሆነ ለመቶኛ ጊዜ ጠየቀችኝ፣ እኔም ለመቶኛ ጊዜ አስረዳኋት። አንጎላችን እኛ ሳናውቀው ሰው መጥላትን እንዴት ይማራል? ነገሩ ይኸው ነው። ተሳታፊው ኮምፒውተር ላይ ነጥብ ይቆጥራል። በመሀል የሰው ፊት ብልጭ እያለ ይጠፋል፤ ልብ አይለውም፣ ቆጠራው ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተሩ በዕጣ ከሚመርጠው አንድ ፊት ጋር ሁልጊዜ ጩኸት ይመጣል፣ ከሌሎቹ ጋር ምንም የለም። ሲቆይ ጩኸቱ ቢቀርም ያ ፊት ሲመጣ ያልበዋል። በኋላ ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያሳየ “ይሄኛው እንዴት ነው?” ሲለው ጩኸቱን አያነሳም። “ዓይኑ ደስ አይልም” ብሎ ይጽፋል። “ተንኮለኛ ይመስላል” ብሎ ይጽፋል።

እማዬ ሽንኩርት መክተፏን አቁማ፣ “ይሄን ሁሉ ዓመት ደመ መራራን ነው እንዴ ስትማሪ የከረምሽው?” አለችኝ።

ሳቅን። ግን አልተሳሳተችም። ያለ ጥፋቱ የሚጠላ ሰው ደመ መራራ ይባላል። ልዩነታችን፣ እሷ መራራው የሰውየው ደም ነው ትላለች፤ እኔ የተመልካቹ አንጎል ነው እላለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሦስት ሰው። አንዱን እንቅልፍ ወሰደው።

ከእያንዳንዱ ሰው በፊት ራሴ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ፣ ማዳመጫውን አጥልቄ፣ ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር አየዋለሁ። ድምፁ ከፊቱ እኩል መምጣቱን ሳላረጋግጥ ማንንም አላስቀምጥም። አማካሪዬ ይስቁብኛል። “ረዳት ቅጠሪ። ቀማሽ ሳያውቀው ይጠግባል” ይሉኛል። ለሰው አላምንም፣ ምን ላድርግ?

ጩኸቱን መልመዴ ግን ገረመኝ። የእህቴ ድምፅ ነው። ከኢንተርኔት ያወረድኳቸው ሁሉ የተዋናይ ጩኸት ሆኑብኝና ክረምት ላይ ታናሽ እህቴን መታጠቢያ ቤት ከትቼ አስጮህኳት። እሷ ነገር ስትይዝ ከልቧ ነው። ጎረቤት በሩን ሊሰብር ደረሰ፤ እኛ ወለሉ ላይ ተቀምጠን በሳቅ ፈርሰናል። ፊቶቹንም እንዲሁ ለምኜ ነው የሰበሰብኳቸው። አሥራ ስድስተኛ ሰው ሲጠፋ እህቴ “የኔን ሰውዬ ልጥራልሽ” ብላ ፍቅረኛዋን፣ ኮፒው የምንለውን፣ አመጣችልኝ። መነጽሩን አውልቆ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ “አደራ፣ ቆንጆ አድርጊኝ” እያለ ተነሳ። ቀለሙን አጥፍቼ፣ ፀጉርና ጆሮውን ቆርጬ ከሌሎቹ ጋር ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ለእኔ ቁጥር ናቸው። ማን ማን እንደሆነ እንኳ አላይም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ዛሬ ኮፒው ራት ቤታችን ነበር። ኮፒው የምንለው ግቢው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ስላለው ነው፤ ተማሪው ሁሉ በዚሁ ይጠራዋል። ከእህቴ ጋር ሁለት ዓመት ሆናቸው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወላጆቹን ይዞ መጥቶ ሊጠይቃት አስቧል። እማዬ እሺ ካለች ማለት ነው። እማዬ ደግሞ አባባ ካረፈ ወዲህ እኔን ሳታማክር ጥርሷን እንኳ አታስነቅልም።

ስለዚህ ነገሩ በእኔ እጅ ነው። ይህን መጻፌ ራሱ ያስጨንቀኛል።

ምክንያቱም ዓይኔ አልወደደውም። ድሮ ወረቀቶቼን ሲጠርዝልኝ ቆሜ ስንቀልድ እንውል ነበር። ዛሬ በሩን ከፍቼ ሳየው ግን ሳላስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ራት ላይ መነጽሩ በሻይ እንፋሎት ሲደበዝዝበት አውልቆ ጠረገው፤ ያኔ ባሰብኝ። ያለ መነጽር ፊቱ የማላውቀው ሰው ፊት ነው። ሻዩን ሳቀብለው እጁን ዘረጋ። እኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አስቤው አይደለም፣ እጄ ነው ያስቀመጠው። ትንሽ ፈሰሰ። ባዶ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረና “አመሰግናለሁ” አለ።

እህቴ አላየችም። እማዬ አይታለች። እማዬ የማታየው ነገር የለም።

ምኑ ነው? ሲስቅ ጥርሱን ይደብቃል። ድሮም እንዲህ ነበር? ቢላዋውን ዳቦው ላይ ጠረገ። እኔም እጠርጋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

አራት ሰው። ወንበሩ ይጮኻል፣ ዘይት ይፈልጋል።

በሕልሜ እህቴ ስትጮህ ሰማሁ። እኔ ደረጃው ላይ ነኝ፣ በሩ አይከፈትም። ከውስጥ ከእሷ ጋር ማን እንዳለ አላየሁም፤ ግን አውቄዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሕልሙ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። በሕልም የማምን ሰው አይደለሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

ዛሬ ጫማዬን ሳወልቅ እህቴና ኮፒው ኮሪደሩ ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

“እህትሽን ምን አስቀየምኳት?” ይላታል።

“ኧረ ተዋት። ሥራ በዝቶባት ነው። ከእኛም ጋር አታወራም።”

“ሰላም ስላት ግድግዳውን ነው የምታየው።”

“ጥናቷን እስክትጨርስ ነው አልኩህ፤ ከዚያ ራሷ እየቀለደች ትመጣለች።”

ወደ ውጭ ተመልሼ ትንሽ ቆየሁና በሩን እንደ አዲስ አንኳኳሁ። የገዛ ቤቴን በር።

ከሄደ በኋላ እማዬ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “ይሄ ልጅ ያው አንድ ቀን ቤተሰብ መሆኑ ነው። አንቺ የሰው ልብ የተማርሽ ነሽ። ካየሽበት ነገር ንገሪኝ፣ እናትሽ ነኝ” አለች።

ምንም አላየሁበትም ማለት ነበረብኝ። እውነቱ እሱ ነው።

“እኔ እንጃ እማዬ” አልኳት። “ልቤ አልተቀበለውም። ለእሷ እፈራለሁ።”

እማዬ አልጋ ልብሴን በእጇ ስታለሰልስ ቆይታ ወጣች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አማካሪዬ የግማሹን ውጤት አዩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው “ያምራል። በጣም ነው የሚያምረው” አሉ። ከዚያ ወረቀቶቹን መልሰው ሰጡኝና “እንዲህ የሚያምር ነገር ግን አልወድም። ደግመሽ እዪው” አሉኝ። እሺ አልኩ። አላየሁትም። የሚያምርን ነገር ማን ይመረምራል? በደረጃው እየዘፈንኩ ወረድኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የፈቃድ መጠየቂያ ወረቀት አልቆብኝ ኮፒው ቤት ሄድኩ። ሌላ ቦታ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ አፈርኩ። በዚህ ሰዓት ድሮ ወረፋው መንገድ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ማሽኑ ጠፍቷል፣ እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ከማዶ ያለው ኮፒ ቤት ግን ሰው ጢም ብሏል።

“ምነው ጭር አለ?” አልኩት ግድግዳውን እያየሁ።

“እኔስ ምን አውቄ። ዋጋ አልጨመርኩ፣ ሰው አልሰደብኩ። ይገባሉ፣ ያዩኛል፣ ‘ይቅር’ ብለው ይወጣሉ።” ሳቀ። “ደመ መራራ ሆኛለሁ መሰለኝ። ለሱ መድኃኒት የላችሁም?”

ይህን እያለ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ ገባች። ያቺ ባለ ማስቲካዋ ናት። እኔን ሰላም ብላ ወደ እሱ ዞረች፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ ነበር። ፊቷ ሲቀየር አየሁ። “በኋላ እመለሳለሁ” ብላ ወጣች። መንገዱን ተሻግራ ማዶ ገባች።

ምን እንዳሰብኩ ልጻፈው። “ይኸው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም” ነው ያልኩት። ሌላ ሰውም ያየበት ነገር አለ። ከባድ ነገር ከትከሻዬ የወረደ ያህል ቀለለኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ለእማዬ ነገርኳት። “እሳት ከሌለ ጭስ የለም” አለች። የኅዳሩ ቀጠሮ ይቅር፣ ይቆይ አለች። እህቴን ጠርታ ነገረቻት።

እህቴ “ምን አደረገ?” አለች። “አንድ ነገር ንገሩኝ። አንድ ያደረገውን ነገር።”

እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ የሻይ ብርጭቆዬን አየሁ።

“እሺ” አለች እህቴ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ኅዳር 14

አታናግረኝም። ጨው አቀብዪኝ ስላት ታቀብለኛለች፤ በቃ እሱ ብቻ ነው። ለእሷ ብዬ ነው የማደርገው። አንድ ቀን ይገባታል። ለእሷ ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የያዘ ተሳታፊ ቀረ። እህቴ የቤት ቁልፍ ረስታ ልትወስድ መጣች። የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች ነው፤ ነርስ ናት፣ ማታ ተረኛ ነበረች። ቁልፉን ተቀብላ ልትሄድ ስትል “የራስሽን ጩኸት መስማት አትፈልጊም?” አልኳት። እንደ ድሮው ልንስቅ እንችላለን ብዬ ነው። ትከሻዋን ሰበቀችና ተቀመጠች። ሽቦውን ሳስርላት እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ አሻሸሁት፣ አልከለከለችኝም።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ አየኋት። ነጥቦቹን መቁጠር ጀመረች። በመጀመሪያው ጩኸት ፈገግ አለች። በሁለተኛው ፈገግታው ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደችው።

“ይሄ እኮ እሱ ነው” አለች።

“ማን?”

“ማን ትለኛለች! እሱ ነዋ! እሱ ብልጭ ባለ ቁጥር ነው የምጮኸው።”

“እሱ አንዱ ነው። ጩኸቱ ለእያንዳንዱ ሰው በሌላ ፊት ላይ ነው የሚወድቀው፤ ኮምፒውተሩ ያደባልቃል። ዛሬ በአጋጣሚ…”

“እዪው።”

“እህቴ…”

“እዪው አልኩሽ!”

አየሁት። አይደባልቅም። ክረምት ላይ ድምፁና ምስሉ እኩል መምጣታቸውን ለመፈተን አንድ ፊት ላይ አስሬው ነበር። ለአንድ ከሰዓት ብቻ። ከዚያ እህቴን አስጮህኩ፣ ሳቅን፣ ሻይ ጠጣን። አልፈታሁትም።

ለሁሉም ሰው እሱ ነው። ከሁሉም ሰው በፊት ደግሞ ለእኔ።

ፊቱን ባየሁ ቁጥር እህቴ ጆሮዬ ውስጥ ጮኻለች። ከዚያ እየሄድኩ ለእናቴ “ለእሷ እፈራለሁ” አልኳት። ልቤ ነገረኝ አልኳት! እኔ፣ አንጎል ለራሱ እንዴት እንደሚዋሽ አራት ምዕራፍ የጻፍኩት ሴትዮ።

እህቴ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ሳትቆጣ ነው የፈታችው፤ ነርስ ስለሆነች ሽቦ መፍታት ታውቃለች። በሩ ላይ ቆማ “እኔ እኮ ለቀልድ ነበር የጮህኩት” አለች።

አርብ፣ ኅዳር 19

ለአማካሪዬ ተናገርኩ። ውሳኔያቸውን ወዲያው ነገሩኝ። ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ቢያንስ አንድ ዓመት። ተሳታፊዎቹ በሙሉ ተጠርተው እውነቱ ይነገራቸዋል፣ ፊቱን ያለ ጩኸት ደጋግመው እንዲያዩ ይደረጋል። “ቀማሽ ይጠግባል ብዬሽ ነበር” አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ማለታቸውን የተጸጸቱ መሰለኝ። ስለ ዓመቱ ማልቀስ ነበረብኝ፤ ዕንባ አልመጣም።

እሁድ፣ ኅዳር 21

እማዬን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን፣ ፊቱን፣ ጩኸቱን፣ የረሳሁትን። አላቋረጠችኝም። ሲያልቅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

“ገባኝ ልጄ። ያንቺ ከማሽኑ ነው።”

“አዎ እማዬ። ስለዚህ ቀጠሮው…”

“የኔ ግን ከማሽን አይደለም” አለች። “እኔ ያንን ወንበር አይቼው አላውቅም። የኔ ከልቤ ነው።”

“መቼ ነው ልብሽ የነገረሽ?”

አሰበች። እናቴ አትዋሽም፤ ከልቧ አሰበች።

“ያን ማታ፣ ራት የመጣ ጊዜ። ሻዩን ስታስቀምጪለት። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ አንድ ነገር ደረቴን ወጋኝ።”

ያ ከእኔ ነው አልኳት። እኔን አይተሽ ነው፣ የኔን እጅ አይተሽ ነው የተማርሽው አልኳት። “እንዴ! የገዛ ልቤን ታስተምሪኛለሽ?” ብላ ተቆጣች። ተነስታ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

ይህን የሚያህል ነገር በጥናቴ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነው። “ከሌላ ሰው አይቶ መማር” ብዬ አልፌዋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ሱቁ ሄጄ ነገርኩት። ቆሜ ነው የነገርኩት፤ በርጩማውን አቅርቦልኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ማዶውን፣ ሰው የሞላበትን ኮፒ ቤት አየ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

“ፊቴን ሰጥቼሽ ፊት ነሳሽኝ ማለት ነው” አለ።

ከዚህ የሚበልጥ ስድብ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

“ይለቃል?” ሲል ጠየቀኝ። ጣቶቹ ላይ የማሽኑ ጥቁር ዱቄት ነበር።

እንደማይለቅ ነገርኩት። አንጎል የተማረውን አያጠፋም፤ ላዩ ላይ ሌላ ይማርበታል። ፊቱን አይተው ክፉ ነገር ሳይመጣ፣ አይተው ሳይመጣ፣ ቀስ በቀስ ይሸፈናል።

“እንዲህ ከሆነ በር ላይ ቆሜ ልታይ ነዋ። ስሙኝ ሳይሆን እዩኝ።”

ይቅርታ ጠየቅኩት። እጁን ዘረጋልኝ። ሁሉን እያወቅኩ፣ ምክንያቱን በቁጥርና በመስመር እያወቅኩ፣ እጄ ወደ ኋላ ሸሸ። ጎትቼ አመጣሁትና ጨበጥኩት። አይቷል። “ቀስ በቀስ ነው አላልሽም?” አለኝ። እኔን ለማጽናናት።

አርብ፣ ታኅሣሥ 3

ተሳታፊዎቹን እየጠራሁ ነው። ግማሹ ስልክ አያነሳም። አንዱ “ምንም አልተሰማኝም እኮ፣ ደህና ነኝ” አለኝ። ባለ ማስቲካዋ መጣች፤ ስነግራት ሳቀች። “እኔ ግን ሰውየው ድሮም ደስ አይለኝም ነበር” አለች። በመጀመሪያው ቀን ግን ከፎቶዎቹ አንዱንም አይቼ አላውቅም ብላኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሱቁ ገብቼ አንድ ገጽ ኮፒ አደርጋለሁ። ባዶ ወረቀትም ቢሆን።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 12

መጡ። እህቴ “እሺ ብትሉም ባትሉም አገባዋለሁ፤ እሺ ካላችሁ ግን ደስ ይለኛል” ስላለች እማዬ በሩን ከፈተች። አባትየው ዝምተኛ ናቸው። እናትየው ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ፣ እማዬም ስለ ራሷ፤ በጉልበት ተግባቡ። ሊሆን ነው ብዬ መተንፈስ ጀምሬ ነበር።

እማዬ ሻይ አመጣች። ለአባትየው በእጃቸው ሰጠች፣ ለእናትየው በእጃቸው ሰጠች። እሱ ጋ ስትደርስ እጁን ዘረጋ።

እማዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ፈሰሰ።

የኔ እጅ ነው። አጥንቱ፣ መታጠፉ፣ ቶሎ ብሎ መመለሱ፣ ሁሉ የኔ ነው። እማዬ ምንም እንዳደረገች አታውቅም፤ ትሪዋን ይዛ ፈገግ ብላ ተቀመጠች። እሱ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ መለሰ። እናቱ አይተዋል። በዚያ የጥቅምት ራት የእማዬ ዓይን ምን ይመስል እንደነበር አሁን የእሳቸው ዓይን ነገረኝ፤ እኔንና እማዬን አፈራርቀው አዩን። እሳቸውም መማር ጀመሩ።

እህቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ፣ ሥሩን በመዳፏ ጠርጋ፣ እጁ ላይ አኖረችለት። ጣቶቿን ብርጭቆው ላይ፣ የእሱ ጣቶች ላይ እንዳሉ አቆየቻቸው።

“ይኸው፣ በእጁ ሰጠሁት” አለች፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ። “የጮኸ ሰው አለ?”

ማንም አልጮኸም። እኔ ግን ጆሮዬ ውስጥ ስትጮህ ሰማኋት።